መካኒክ ያልሆኑት የጂፓችን መካኒኮች

ባለቤቴ ያንን ጂፕ ከአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ግቢ አስጎትቶ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ያስገባው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ከፍቶ የተቀበለው ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው እየተጣደፈ ነበር። መኪናው አራት ጎማ እንደነበረው አልክድም፤ ከአራቱ ሁለቱ ነፋስም ነበራቸው። የፊት መብራቶቹ በነበሩበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ቀርቷል። ግቢ ገብቶ እንደቆመ ከአንደኛው ጉድጓድ ወፍ ወጥታ በረረች።

«ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው እኮ!» አለኝ። «አራቱም ጎማ ይስባል። ጭቃ የለ፣ ዳገት የለ፤ ዝም ብሎ መሄድ ነው።»

«እስካሁን ያየሁት ሌላ መኪና ሲስበው ነው» አልኩት።

አልሰማኝም። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስለሆንኩ አለመሰማትን ለምጄዋለሁ። እሱ ደግሞ የቡና ችግኝ ባለሙያ ነው። ሥራው ከየቡ እስከ አሰንዳቦ ባሉ የገበሬ ማኅበራት እየዞረ ችግኝ ማየት ሲሆን፣ የሚዞረውም ባገኘው የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ካላገኘም በበቅሎ ነበር። ጂፑ ለሥራ ነው አለ። መሥሪያ ቤቱ አውጥቶ የጣለውን መኪና ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ በራሱ ገንዘብ መግዛቱ የአብዮታዊ ቁርጠኝነት ምልክት ይሁን የሌላ ነገር ምልክት፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ቱታውን ለብሶ ከሥሩ ይገባል። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳ ነበር። የእኔ ባል ግን ከማሻሻሉ ጀመረ። ከተገለበጠ አውቶቡስ ላይ የተፈታ ክላክስ ገጠመለት፤ ጂፑ መሄድ ባይችልም መንገድ ልቀቁ ማለት ቻለ። ከወደቀ የጭነት መኪና ባሌስትራ የሚሉትን የብረት ሞላ አምጥቶ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ለመቀመጥ በርጩማ ላይ መውጣት ግድ ሆነ። ሞተሩ ውሃ እንዳይገባበት የአየር መሳቢያ ቱቦ በመስኮቱ ጎን ወደ ላይ ሰቀለለት። ከግቢያችን በር ወጥቶ የማያውቅ መኪና ጊቤን በዋና ለመሻገር ዝግጁ ሆነ።

አናጢው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከዳውሮ በኩል የመጣ፣ ከኛ ሁለት ግቢ ወረድ ብሎ የሚኖር፣ በር፣ መስኮትና የሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሰው ነበር። የጂፑ የኋላ ወለል በዝገት ስለተበላ ባለቤቴ በጣውላ ሊያስነጥፈው ጠራው። አናጢው አንድ እሁድ ጠዋት መጣ፣ ወለሉን ለካ፣ መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ከዚያም ግቢያችንን አየ። ከመንገድ የሚለየንን ረጅሙን አጥር አየ፣ የእንሰቱን ተክል አየ፣ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ መሆኑን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና ብዙ ሥራ አለበት» አለ።

«ብዙ ነው» አለ ባለቤቴ፣ የሚረዳው ሰው በማግኘቱ ዓይኑ እንባ እያቀረረ።

«በአንድ ሰው አይሆንም። ወንድሞች ላምጣ። በነጻ ነው፤ እሁድ እሁድ ሥራ የላቸውም።»

በሚቀጥለው እሁድ ልብስ ሰፊውን አመጣ። በሚቀጥለው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛውንና በቡና መጋዘን ሚዛን ላይ የሚሠራውን አመጣ። ከዚያ ሚስቶቻቸው ለባሎቻቸው ምሳ ይዘው መጡ፤ ምሳውን ካደረሱ በኋላም አልሄዱም። በመካከላቸው በሕይወቱ ቡሎን የፈታ አንድ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊው የቆዳ መቀመጫዎቹን በደንብ ሰፋቸው፤ ይሄ እውነት ነው። ሌላው ሁሉ ግን እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ባለቤቴ ግን ደስታውን አልቻለውም። «እነዚህ ሰዎች ለቴክኒክ ያላቸው ፍቅር!» ይለኛል። «የከተማው ሰው እኮ እንዲህ አይደለም። ሰው እንዴት በነጻ፣ በየሳምንቱ፣ ጸድቶ፣ ታጥቦ ለብሶ መኪና ሊሠራ ይመጣል?»

እኔም ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ግራሶ ለመንካት የሚመጣ ሰው አላውቅም።

አንድ እሁድ ቆሎ ይዤላቸው ወጣሁ። ኮፈኑ ተከፍቷል። ባለቤቴ ከሥር ነው፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። በጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ መዶሻ ያወርዳል። ሰዎቹ ሞተሩን ከበው ቆመዋል፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። በተከፈተ ኮፈን ፊት አንገት ደፍቶ መቆም በአገራችን የታወቀ ነገር ነው፤ ማንም አይጠረጥርበትም። ቀረብ ስል ግን ዓይናቸው ተጨፍኗል። ባትሪ ሊቀመጥበት በተዘጋጀው ቦታ ላይ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ተዘርግቷል። አናጢው በሹክሹክታ በቋንቋቸው ይናገራል።

«ፒንሳ!» ብሎ ባለቤቴ ከሥር ጮኸ።

ሚዛን ሠራተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ ፒንሳውን አቀበለው።

«አሁን ጠበቀ መሰለኝ» አለ ባለቤቴ።

«አሜን» አሉ ሁሉም።

የቆሎውን ሳህን ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። አናጢው ዓይኑን ሲገልጥ ከእኔ ዓይን ጋር ተጋጨ። እጁን መጽሐፉ ላይ ጫነ። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የእህል መጋዘን ከሆነ ቆይቷል። ጴንጤ በየቤቱ ተሰብስቦ ሲጸልይ ተገኘ እየተባለ የሚታሰረውን ሁላችንም እንሰማ ነበር። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ከእነሱ ጋር ምንም የለኝም። ግን እዚያ ከቆሙት ሴቶች አንዷ የእኔ ተማሪ እናት ነበረች፤ ቆሎውን እያየች እንኳን እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«ብሉ እንጂ» አልኩ። «ባዶ ሆድ መኪና አይሠራም።»

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ደብቄው አይደለም፤ እሱ ምስጢር ሲነግሩት በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ፊቱን መቀየር ስለሆነ ነው። ምንም አለማወቁ ደግሞ ሰዎቹን ከአጥሩ ይልቅ የሚከልል ነበር። ይህን ያየሁት የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ እሁድ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር ድንገት በሩን አንኳኩቶ የገባ ዕለት ነው።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። አሁንም ሲቆም ፎጣ እንደያዘ ሰው ግራ ክንዱን አጥፎ ነው የሚቆመው። ብቻ አሁን የሚያዘው እሱ ነው።

«ጓድ፣ እዚህ ግቢ ሰው ይበዛል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ። «ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?»

ሰዎቹ ደረቁ። ባለቤቴ ግን ከመኪናው ሥር በደስታ እየተንፏቀቀ ወጣ። አዲስ ሰው አገኘ!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንኳን መጡ! ይህን ይዩልኝ። ዲፈረንሻል ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብሎ ክንዱን ያዘው። ጎንበስ አስደረገው። ጥርሱ ስለተበላው ማርሽ፣ ስለ ዘይቱ ውፍረት፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ሲይዘው ሌላው ኃይሉን እንዴት እንደሚወስድ አንድ በአንድ አስረዳው። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ «ይበቃል፣ ገብቶኛል» ቢልም አልለቀቀውም። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ተደግፎ ማንቀላፋት ጀመረ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ የግራሶ ነጠብጣብ ያረፈበትን የካኪ ሱሪውን እያራገፈ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ «ይህ ሰው ጤነኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በመኪናው ብቻ ነው እንጂ በሌላው ደህና ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ አልመጣም። ጂፑም ቀስ በቀስ፣ ከሠሪዎቹ ፈቃድ ውጭ ይመስለኛል፣ መነሳት ጀመረ። የሚነሳው ግን በግፊ ብቻ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወጥተው ከበራችን እስከ ታችኛው መንገድ እየገፉ ያወርዱታል፤ ሲገፉም ይዘምራሉ። ጎረቤት በሚሰማበት መንገድ ላይ የጌታን ስም አይጠሩም፤ «ከጭቃ ያወጣናል፣ ከማጥ ያነሳናል» የሚለውን አዝማች ብቻ ይደጋግሙታል። ባለቤቴ መሪውን ይዞ አብሯቸው ይጮኻል። ለጂፑ የተገጠመ መስሎት ነበር። «ሰምተሻል? ስለ ባለ ሁለት ዲፈረንሻልነቱ እኮ ነው!» አለኝ አንድ ቀን።

የቡና ለቀማ ዘመቻ ሲመጣ የቀበሌው መኪና ተበላሸ። ሊቀመንበሩ ቅዳሜ ማታ መጥቶ «ነገ ወደ የቡ እንዘምታለን። ይህ ጂፕ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው፤ እኔን፣ ባንዲራውንና ዘማቾቹን ይዞ ይሄዳል» አለ። የሰፊው ሕዝብ ሀብት መሆኑን ያወቀው መኪናው መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። ሲበላሽ የእኛ ነበር።

ባለቤቴ ግን ኩራቱ ሌላ ነው። ጠዋት ጂፑን አጠበው። ሊቀመንበሩ በበርጩማው ወጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ከኋላ አናጢው በነጠፈው ጣውላ ላይ እኔ፣ አናጢው፣ ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊውና ሌሎቹ ከነቅርጫታችን ተጠቅጥቀን ተጫንን። ለዘማችነት የተመደቡት እነሱው ነበሩ፤ እሁድ ሥራ እንደሌላቸው ቀበሌውም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዝናቡ ያለ ወቅቱ ሌሊቱን ወርዶ ነበር። ከየቡ በመለስ ያለው ዳገት ላይ ስንደርስ ጂፑ አቃሰተ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ጠፋ። ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተንሸራትቶ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። አራቱም ጎማ ይስባል የተባለለት መኪና፣ አራቱም እኩል ሰመጡበት።

«ውረዱና ግፉ!» አለ ሊቀመንበሩ። እሱ አልወረደም።

ወረድን። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ገፋን፤ አልተነቃነቀም። በዳር የሚያልፉ ገበሬዎች ቆመው እያዩን «አይዞን፣ ማሎ!» እያሉ በአገሩ አባባል ያዝኑልናል። አንዱ ሽማግሌ በሬ ላምጣ ብለው ጠየቁ፤ ባለቤቴ በዚህ በጣም ተቀየመ።

ከዚያ መሪውን እንደያዘ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በሙሉ ድምፁ እንዲህ አለ፦ «ምነው ዝም አላችሁ? የእሁዱን በሉ እንጂ! ሁልጊዜ እሁድ የምትሉትን! ያለሱ አይነሳም!»

አናጢው እኔን አየኝ። እኔ ጭቃውን አየሁ። ሊቀመንበሩ ዞር አለ።

«የእሁዱ ምንድነው?»

«መዝሙራቸው ነዋ!» አለ ባለቤቴ። «በየሳምንቱ ይዘምሩታል። እንዴት ያለ ዜማ መሰለዎት!»

በዚያች ሰዓት ልፈታው ወስኜ ነበር። ባይዘምሩ ጥፋተኛ ይሆናሉ፤ ቢዘምሩም ያው ነው። በመጨረሻ የአናጢው ሚስት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር እንኳን ሰምቼያት የማላውቃት ሴት፣ ግንባሯን ጂፑ ላይ ደግፋ ጀመረችው። «ከጭቃ ያወጣናል...» ባሏ ተቀበላት። ሌሎቹም ተከተሉ። «ከማጥ ያነሳናል...» ገፉ። ጂፑ ተነቃነቀ። በሰፈራችን መንገድ ብቻ ይሰማ የነበረው ዜማ ዳገቱን ሞላው። ገበሬዎቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው መጡና አብረው ገፉ።

ሊቀመንበሩ እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። ማነው ከጭቃ የሚያወጣን?»

ሁሉም ቆመ። ጂፑ እንደገና ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አናጢው አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ያ ሰው ከተጠየቀ አይዋሽም፤ ይህን አውቃለሁ።

«አብዮቱ ነዋ!» ብዬ ጮኽኩ። «ታዲያ ማን ሊያወጣን ነው ጓድ?»

ሊቀመንበሩ አየኝ። እኔም ተማሪ ፊት እንደምቆመው ቀጥ ብዬ አየሁት፤ ከእግሬ እስከ ጡቴ ጭቃ ነበርኩ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ።

«ግሩም!» አለ። «ግሩም ነው! ይቀጥል!»

ቀጠለ። ወጣን። ጂፑ የቡ ሲገባ ሊቀመንበሩ ራሱ አዝማቹን እያለ በእጁ የጂፑን በር ይመታ ነበር። በዚያው ሳምንት ዜማውን ለቀበሌው የኪነት ቡድን ሰጠው። በአብዮቱ በዓል ዝግጅት ላይ ካኪ የለበሱ ወጣቶች በከበሮና በአኮርዲዮን «ከጭቃ ያወጣናል፣ አብዮቱ ያነሳናል» እያሉ ሲዘፍኑ፣ አናጢውና ወገኖቹ በግዳጅ ከመጡት ታዳሚዎች መካከል ተደርድረው ተቀምጠው ነበር። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እነሱ ናቸው። የልብስ ሰፊው ሚስት እያለቀሰች ነበር፤ ሊቀመንበሩ በአብዮታዊ ስሜቷ ተነካና ስሟን ጠየቀ።

ለባለቤቴ ነገሩን የገለጽኩለት ከየቡ በተመለስን ማግስት፣ ምሳ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ሌላ ሊቀመንበር ፊት አፉን እንዳይከፍት ብዬ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«እና ለጂፑ አይደለም የሚመጡት?»

«አይደለም።»

«ባሌስትራውንም ስገጥም...?»

«እየጸለዩ ነበር።»

ሊያስሩት ይችሉ እንደነበር፣ ቤታችን ሊወረስ ይችል እንደነበር አልታየውም። ያዘነው በባሌስትራው ነው። የሚቀጥለው እሁድ ቱታውን አልለበሰም። ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ አነበበ፤ ያውም ያንን የመንግሥት ጋዜጣ። ሰዎቹ መጥተው ባለቤት አልባውን ጂፕ ከበው ቆሙ። ኮፈኑን ራሳቸው ለመክፈት ሞክረው አቃታቸው። በመጨረሻ አናጢው በሩን አንኳኳ።

«እትዬ፣ ጋሼ ታመው ነው?»

«አኩርፏል» አልኩት።

ገባና ባርኔጣውን አወለቀ። ባለቤቴ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «መኪና አትወዱም አሉኝ» አለው።

አናጢው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። ከዚያ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ» አለ። «መጀመሪያ አልወደድነውም። አስቀያሚ ነው። አሁን ግን በየሳምንቱ እንጸልይለታለን።»

ጋዜጣው ወረደ። «ለጂፑ? ምን ብላችሁ?»

«ጌታ ሆይ፣ እባክህ ቶሎ አይጠገን ብለን።»

ባለቤቴ ለመቆጣት ሞከረ። ከንፈሩ አልታዘዝለት አለ። ሳቁ ሲመጣ ከሆዱ ነበር የመጣው፤ አናጢውም አፉን በባርኔጣው ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ቱታውን አምጪ አለኝ። በዚያን ዕለት ከጂፑ ሥር ገብቶ ምንም ያልተበላሸ የማርሽ ካምቢዮ አወረደ። ሲፈታ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ በመዶሻውም አስፈላጊ ከሆነው በላይ ይመታ ነበር።

ይህ ዓመታት ቆየ። ሁሉም አላማረም። አናጢው ሌላ ቤት፣ አንድ ሕፃን ሞቶ ሊያጽናኑ በተሰበሰቡበት ተያዘ። ወራት ታስሮ ሲወጣ የቀኝ እጁ ጣቶች በደንብ አይታጠፉለትም ነበር። ምን እንዳደረጉት አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። እሱ በሌለባቸው እሁዶች ሌሎቹ ፈርተው ቀሩ። ባለቤቴ ግን በየእሁዱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ ይቆም ነበር። አናጢው ከተፈታ በኋላ በመጣበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ባለቤቴ እስከ በር ሄዶ ሁለት እጁን ይዞ አስገባውና «ፍሬኑ አስቸግሮኛል፣ እንኳን መጣህ» አለው።

ደርግ ሲወድቅ የጸሎት ቤታቸው ተመለሰላቸው። እህሉን ጠርገው፣ አይጡን አባረው ገቡ። በዚያ እሁድ ግቢያችን ጭር አለ። ባለቤቴ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ፒንሳ!» ሲል የሚያቀብለው ጠፋ። ወጥቼ አቀበልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ካቻቢቴ» አለ፤ እኔ መዶሻ ሰጠሁት። ወጣና ጎማው ላይ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ሳምንት አናጢው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። የጸሎት ቤቱ ለመብራትና ለድምፅ ማጉያ አሮጌ ጄኔሬተር ተለግሶለታል፤ አልነሳ ብሏል አለ። «ጋሼ፣ መካኒክ ይፈልጋል።»

ባለቤቴ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ወጣ። እስከ ምሽት አልተመለሰም። ሲመለስ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«አስነሳኸው?» አልኩት።

«ኧረ ተይኝ» አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። «ብዙ ሥራ አለበት። ማሻሻልም ያስፈልገዋል።»